ወታደር ካልሆነ አይቆጠርም?

የዛሬዋ ጠያቂዬ ከደቡብ ወሎ ናት። ደብዳቤዋ አራት ገጽ ሙሉ ስለሆነ ዋና ዋናውን ብቻ ይዤ አሳጥሬዋለሁ።

«ይድረስ ለእትዬ። እንደምን ሰነበቱ? እኔ የሦስት ልጆች እናትና የሰፈራችን የሴቶች ቅሬ (እድር) ጸሐፊ ነኝ። ባለፈው ወር ከዞን የመጡ ሰዎች ስለ ጾታዊ ጥቃት ውይይት አዘጋጅተው በቀበሌው አዳራሽ ተሰብስበን ነበር። ሦስት እናቶች በ2014 ጦርነቱ ከተማችን የገባ ጊዜ የደረሰባቸውን ተናገሩ። አዳራሹ በሙሉ አለቀሰ። ቡናውን ታፈላ የነበረችው የእኔዋ ሠራተኛ ናት። እኔ ቤት ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ 18 ሞልቷታል። ማታ ስኒ እያጠበች ‹እትዬ፣ ወታደር ካልሆነ አይቆጠርም እንዴ?› አለችኝ። ምን ማለትሽ ነው ብላት ነገረችኝ። በዚያው በጦርነቱ ሰሞን ትሠራበት የነበረው ቤት ሰዎች ከወታደር ሸሽገዋት ሳለ የቤቱ ትልቁ ልጅ ደፍሯታል። ያኔ 14 ዓመቷ ነበር። ያ ቤተሰብ ‹የሰው ልጅ ያተረፈ› እየተባለ ይመሰገናል፤ አባትየውም የትልቁ ቅሬ ዳኛ ናቸው።

በማግስቱ ለሴቶች ቅሬያችን ሰብሳቢ ብነግራት ‹እሱ አጀንዳችን አይደለም፤ ደግሞስ የሰው ቤት እናፍርስ?› አለችኝ። በሦስተኛው ቀን የዚያ ቤት እመቤት ሁለት ኪሎ ቡና ይዘው ‹ልጠይቃችሁ› ብለው መጡ። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ዝም ብላለች። ማታ ማታ ውሃ የሞላ ጀሪካን እየጎተተች የማድ ቤቱን በር ታስደግፋለች፤ ምን እንደነካት አልገባኝም። ባለቤቴ ‹እሳቱን አትቆስቁሺው› ይላል። ሽማግሌዎች ደግሞ ትንሽ ገንዘብ ተሰጥቷት አገሯ ትግባ የሚል ሐሳብ ይዘዋል። እኔ ግን በሚቀጥለው ስብሰባ ቆማ ብትናገር ደስ ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባት፣ ከደቡብ ወሎ»

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ አንቺን አየሁሽ፤ ልጅቷ ያመነችሽ በከንቱ አይደለም። በሁለተኛው ጀሪካኑን አየሁት። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን ልጅቷ ጥያቄ ጠይቃሻለች፤ አራት ገጽ ስትጽፊም መለስኩላት የሚል አንድ መስመር የለበትም። ዛሬ ማታ ንገሪያት። ይቆጠራል። ሕጉ ደፋሪው መለዮ ለብሶ ነበር ወይ ብሎ አይጠይቅም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 620 ዕድሜዋ ከ13 እስከ 18 የሆነችን ልጅ አስገድዶ የደፈረ ሰው ከ5 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት እንደሚቀጣ ይናገራል። አራት ዓመት አለፈው ተብሎም የክስ መብቱ አይሞትም። ትክሰስ አትክሰስ የኋላ ነገር ነው። ለጊዜው የደረሰባት ነገር በሕግ ስም ያለው መሆኑን ከአንቺ አፍ ትስማ።

አሁን ወደ አዳራሹ ልግባ።

በዚያ ቀን የተናገሩት ሦስት እናቶች ሐዘናቸው ሐዘኔ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት 2014 መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ በትግራይ ኃይሎች እጅ በቆዩባቸው ሳምንታት፣ ሰሜን ወሎ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ጀምሮ፣ ሴቶቻችን ምን እንዳዩ እናውቃለን። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በመጋቢት 2014 ስለ አማራና አፋር ክልሎች ባወጣው ሪፖርት በቡድን አስገድዶ መድፈር ጭምር መፈጸሙን መዝግቧል። ከአላማጣ ወዲያ ማዶም እንዲሁ አንጀታቸው ያረረ እናቶች አሉ፤ እሱን የምረሳ ሰው አይደለሁም። እነዚህ ሴቶች አዳራሽ መሐል ቆመው ለመናገር ስንት ሌሊት እንዳደሩበት የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ግን አንድ ነገር ልብ በይ። እነሱ ሲናገሩ አዳራሹ አለቀሰ፣ ነጠላውን አፉ ላይ አደረገ፤ ተነስቶ የወጣ ሰው ግን የለም። የሚወገዘው ሰውዬ እዚያ አልነበረማ። አባቱ የቅሬ ዳኛ አይደሉም። ሰርጉን አልበላንለትም፣ ልጁን ክርስትና አላነሳንለትም፣ ሱቁ ገብተን ዱቤ አንወስድም። እሱን ስናወግዝ ከኪሳችን የሚወጣ ሳንቲም የለም። የአንቺዋ ልጅ አፏን ስትከፍት ግን አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ሒሳብ ማስላት ይጀምራል። ሰብሳቢያችሁ «አጀንዳችን አይደለም» ስትል ያሰላችው እሱን ነው። ክፉ ሴት ስለሆነች አይመስለኝም። ሒሳቡን ፈጥና የጨረሰች ሴት ናት።

ደግሞ ያ ቤተሰብ ከወታደር ሸሽጓታል፤ እውነት ነው። የተሸሸገችበት ጓዳም ወጥመድ ሆኖባታል፤ ይህም እውነት ነው። ከተማው የመጀመሪያውን ወሬ ወዶታል፣ ያኮራዋል፤ ሁለተኛው ሲመጣ የመጀመሪያውን የሚያበላሽበት ይመስለዋል። ልጅቷ አራት ዓመት ሙሉ «አተረፏት» ሲባል ጀበና ይዛ ስትሰማ ኖራለች። ጀበና የያዘ ሰው ጆሮ ያለው አይመስለንም መቼም! አቦል ስትቀዳ ስለ ጥቃት ሰማች፣ ቶና ስትቀዳ ሰማች፣ በረካው ላይ ሲመረቅ «አሜን» አለች። የመጓጓዣ አበል የተፈረመበት ወረቀት ላይ ግን ስሟ የለም። እዚያ ወረቀት ላይ ከሰፈሩት ሴቶች ሁሉ ይልቅ ነገሩ የሚመለከታት እሷ ነበረች።

ይህ የእናንተ አዳራሽ ጉድ ብቻ አይደለም። ሕግ አውጪውም እንዲሁ አድርጓል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የሚባለው፣ በሥራ ቦታ ለሚደርስ ጾታዊ ትንኮሳና ጾታዊ ጥቃት ትርጉም ሰጥቶ ከለከለ። እሰይ። ወረድ ብለሽ ስታነቢ ግን ሰው ቤት ተቀጥራ የምታገለግል ሠራተኛ ከአዋጁ ውጭ ናት፤ የእሷ ነገር በሌላ ደንብ ይታያል ተብሎ ተትቷል። በር ዘግቶ ከአሠሪዋ ጋር የምታድረው ሠራተኛ ወጥታ፣ ማታ ቤቷ የምትገባው ገባች ማለት ነው። የወንጀል ሕጉ ራሱ ከነክብሩ የሚያስቀራቸው አሉ። አንቀጽ 620 «ከጋብቻ ውጭ» ይላልና ባሏ ያስገደዳት ሚስት አልገባችበትም። የሚናገረው ስለ ሴት ነውና ከብት ሲያግድ የተጠቃ ወንድ ልጅ ጉዳዩ የሚታየው በሌላ አንቀጽ፣ በሌላ ስም ነው። ያ ልጅ አድጎ አባወራ ሲሆን ስለዚህ ነገር በሚወራበት ቦታ ሁሉ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ማንም አይጠይቀውም፣ እሱም ማን እንደሚያወራለት አያውቅም።

አንድ የቆየ ነገር ላጫውትሽ። ዕድሜዬ ገና ሳለ በአንድ ወረዳ የሴቶች ጉዳይ ሠራተኛ ነበርኩ። አንዲት መስማት የተሳናት ልጅ ከገጠር መጣች፤ ትምህርት ቤት አልገባችም፣ የምልክት ቋንቋም አልተማረችም። ከቤተሰቧ ጋር የምትግባባበት የራሷ የእጅ ምልክት ነበራት። ፖሊስ ጣቢያ አብሬያት ሄድኩ። አጎቷ ሊያስተረጉም መጣ። መርማሪው የመጀመሪያ ጥያቄው ምን መሰለሽ? «ጮኸሽ ነበር ወይ?» ነው ያላት። ድምጿ ከቤት ደጃፍ የማያልፍ ልጅ። አጎትየው በእጁ አንድ ነገር አሳያት። ልጅቷ መዳፏን ጉሮሮዋ ላይ አድርጋ ጨበጠችው፤ አጥብቃ፣ ጣቶቿ እስኪነጡ። አጎትየው ወደ መርማሪው ዞሮ «አልጮህኩም ነው የምትለው» አለ። መርማሪውም «አልጮኸችም» ብሎ ጻፈ። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር፤ እንዳነቃት እያሳየችን መሆኑ ገብቶኛል፤ ግን ቤተሰብ ነው፣ ከኔ እሱ ያውቃል ብዬ አፌን ያዝኩ። ከወራት በኋላ ነው የሰማሁት፤ አጎትየውና የተከሰሰው ሰው በሬ የሚቀናጁ ጎረቤታሞች ናቸው። ያ ሰው ከታሰረ የአጎትየው በሬ ብቻውን ይቀራል፣ ማሳውም ጦም ያድራል። ጉዳዩ «ማስረጃ የለም» ተብሎ ተዘጋ። ያን ጊዜ ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ይህን የማጫውትሽ አንቺም ስለ እሷ የምትናገሪ ሰው ስለሆንሽ ነው። ስለዚህ የሚያስከፋሽን ነገር ልናገር፤ አብሽሪ፣ ከጠላትነት አይደለም። ልጅቷ የነገረችው ለአንቺ ነው። ለሰብሳቢዋ አልነገረችም። ስኒ እያጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ በጥያቄ መልክ ነው ያወጣችው፤ ደንግጠሽ ብትቆጪ «ዝም ብዬ ነው» ብላ ልትመልሰው። ያን ያህል ተጠንቅቃ ያወጣችውን ነገር አንቺ በማግስቱ ለሌላ ሰው ሰጠሽው። ሦስት ቀን ሳይሞላ ወሬው የት እንደደረሰ ሁለቱ ኪሎ ቡና ይነግርሻል። ሐሳብሽ ቅን ነበር፤ ውጤቱ ግን ያች ልጅ የሸሸችው ቤት እመቤት እሷ በምታድርበት ቤት ሳሎን ቁጭ ብለው ቡና ጠጥተው መሄዳቸው ነው። ማን ቀዳላቸው? አልጻፍሽም፤ እኔ ግን መገመት አያቅተኝም።

ይቅርታ ጠይቂያት። «ሳልጠይቅሽ ተናገርኩ፣ አጠፋሁ» በያት። እመቤት ሠራተኛዋን ይቅርታ መጠየቅ በእኛ አገር እንደማይለመድ አውቃለሁ። ቡናውን ካልቆላችሁት መልሺው። ከቆላችሁት ያንኑ ያህል ገዝተሽ መልሺ። ከዚህ ወዲያ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ሴትዮዋ ይገባቸዋል።

እንግዲህ ወደ ጀሪካኑ።

«ምን እንደነካት አልገባኝም» ብለሻል። እህቴ፣ ገብቶሻል። ሃያ ሊትር ውሃ የሚይዝ ጀሪካን ሃያ ኪሎ ነው። ቀኑን ሙሉ ስትቆም የዋለች ልጅ ሃያ ኪሎ እየጎተተች በር የምታስደግፈው በሩ መቀርቀሪያ ስለሌለው ነው። ሁለት ዓመት በዚያ በር ውስጥ አድራለች። የምትፈራው የግድ ባልሽን ወይም ልጅሽን ነው አላልኩም፤ ወሬው ከወጣ በኋላ ማን እንደሚመጣባት አታውቅማ። ነገ ገበያ ውጪና መቀርቀሪያ ግዢ፤ ከውስጥ የሚዘጋ ይሁን፤ እሷው እያየች አናጺ ይምታላት። ከውጭ የሚከፍት ትርፍ ቁልፍ እንዳይኖር። ከብዙ ምክር ይልቅ ያች ብረት ቶሎ እንቅልፍ ትሰጣታለች።

ስለ ደመወዟም አልጻፍሽም። በየወሩ በእጇ ትቀበላለች ወይስ «አጠራቅምልሻለሁ» ብለሽ ይዘሽላታል? ወይስ ያመጣት ደላላና አባቷ ይካፈሉታል? የማታ ትምህርት ትሄዳለች? ስልክ አላት? ይህን የምጠይቀው ቤትሽን ልመረምር ብዬ አይደለም። ነገ ባልሽ ቢቆጣ ወይም ቅሬው ቢያስጨንቃችሁ የመጀመሪያው መፍትሔ «ትሂድ» ነው የሚሆነው፤ እሷም ይህን ከአንቺ በፊት አስባዋለች። እንጀራዋም አልጋዋም በአንድ ሰው እጅ የሆነ ልጅ «ተናገሪ» ስትባል የምትናገረው ያ ሰው የሚፈልገውን ያህል ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አሠሪው ቤት የምታድርን ሠራተኛ መኝታዋን፣ ምግቧን፣ የሥራና የዕረፍት ሰዓቷን በተመለከተ ጤንነቷና ክብሯ እንዲጠበቅ አሠሪው የሚገባውን ሁሉ ያድርግ ይላል። አሠሪዋ ደግሞ አንቺ ነሽ። ደመወዟን በእጇ ስጪያት፣ በስሟ ደብተር ታውጣ፣ «ብትከሺም ባትከሺም ከዚህ ቤት የሚያስወጣሽ የለም» በያት። ይህን ለማለት ከባልሽ ጋር ካልተስማማሽ መጀመሪያ ተስማሚ። የማትፈጽሚውን ቃል እንዳትገቢላት።

ባለቤትሽን ፈሪ አልለውም። ቅሬ ምን እንደሆነ ወሎ ላደገ ሰው አይነገረውም። ከቅሬ የወጣ ሰው ሬሳው ደጁ ላይ ያድራል፤ ድንኳን የሚተክልለት፣ ጉድጓድ የሚምስለት የለም። የቅሬ ዳኛውን ልጅ መንካት ለእሱ ቀልድ አይደለም። ይህን ፍርሃቱን አታቃልይበት። ግን አንድ ጥያቄ ጠይቂልኝ፤ ሦስት ልጆች አሏችሁ፣ ነገ አንዷ ሰው ቤት ብታድር እንዲህ ዓይነቱ ቅሬ ይበቃታል ወይ በይው። ካልመለሰም ተይው፤ ወንድ ልጅ አንዳንዱን ጥያቄ ሦስት ቀን ያድርበታል።

ስለ ሽማግሌዎቹ። የሽምግልና ጠላት አይደለሁም፤ እንዲያውም አበጋር የሚባሉት የወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎች ደም ያደረቁበት አገር ተወልጄ ሽምግልናን ብንቅ ራሴን መናቄ ነው። ሁለት ወገን እኩል ተቀምጦ፣ የገዳይም የሟችም ዘመድ ተጠርቶ፣ ዱዓው ተደርጎ ስንት ቂም ሲበርድ አይቻለሁ። እዚህ ግን ሁለት ወገን የታለ? በአንድ በኩል ቤት ንብረት፣ ቅሬ፣ ዘመድ አዝማድ፤ በሌላ በኩል ልብሷን በፌስታል ይዛ የመጣች ልጅ። ሽማግሌዎቹን ያስቀመጣቸው ማን ነው? እሷን ጠየቋት? ገንዘቡስ በማን እጅ ይገባል? «አገሯ ትግባ» የሚለው ነገርማ ያስቀኛል፤ ጥፋቱን የሠራው እዚህ በሰላም ይውላል፣ የተሰደደችው እሷ ትሆናለች። ደግሞ ነገሩ ሲጠብቅ «ያግባት» የሚል ሽማግሌ አይጠፋም። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ዘመን ደፋሪው ካገባት ክሱ ይቀር ነበር፤ ያ ቀዳዳ በ1996ቱ ሕግ ተደፍኗል። አስገድዶ መድፈር በግል አቤቱታ ብቻ የሚታይ ወንጀልም አይደለም፤ ሽማግሌ አስታረቀ ተብሎ ፋይሉ አይዘጋም። ይህን በአክብሮት፣ እግራቸውን ስመሽም ቢሆን፣ ንገሪያቸው።

መክሰስ ከፈለገችስ? 18 ሞልቷታል፤ ወሳኟ ራሷ ናት፣ አንቺም እኔም አይደለንም። ግን እውነቱን አውቃ ትግባ። አራት ዓመት ያለፈው ጉዳይ የሐኪም ማስረጃ የለውም። ያኔ ለማን ነግራ ነበር? ከዚያ ቤት ለምን ወጣች፣ ማን አስወጣት፣ ያኔ የሚያውቃት ሌላ ሠራተኛ ወይም ጎረቤት አለ? ዐቃቤ ሕጉ የሚጠይቃት ይህንን ነው። ጠበቃው መስቀለኛ ጥያቄ ሲያነሳባት ሊያስለቅሳት ይችላል። ችሎቱ በዝግ እንዲታይላት መጠየቅ ይቻላል። ልትረታም ላትረታም ትችላለች። ከመወሰኗ በፊት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነጻ የሕግ ምክር ይሰጣልና እዚያ ታማክር፤ ከፈለገችሽ ሸኚያት፣ ካልፈለገችሽ የመጓጓዣውን ስጪያትና ዕረፍት ስጪያት። ሐኪም ቤትም ትሂድ። የኤች አይ ቪና የጉበት ቫይረስ ምርመራ ከአራት ዓመት በኋላም ይጠቅማል፤ እንቅልፍ የሚነሳትን ነገር የሚያክም ባለሙያም ትልልቅ ሆስፒታሎች ውስጥ አለ።

ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ካለ፣ ትናንት የደረሰባት ልጅ ከጎኑ ካለች፣ ለእሱ በአጭሩ ልናገር። የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፤ ቶሎ በጀመረች ቁጥር ይሻላል። እርግዝና የሚከላከለው እስከ አምስት ቀን ይሰጣል፤ እሱም ቶሎ ሲሆን ነው። ልብሷ አይታጠብ፤ በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ይጠቅለል። ሐኪሙም፣ መርማሪ ፖሊሱም፣ ዐቃቤ ሕጉም፣ የምክር ባለሙያውም አንድ ቦታ የሚገኙበት «የአንድ ማዕከል አገልግሎት» ያላቸው ሆስፒታሎች አሉ፤ እዚያ ከሄደች ያንኑ ታሪክ አራት ቢሮ እየዞረች አትደግምም። አርግዛ ከሆነና ፅንሱን ማቋረጥ ከፈለገች ሕጉ በአንቀጽ 551 ይፈቅድላታል፤ በመደፈር ያረገዘች ለመሆኗ የራሷ ቃል በቂ ነው፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ አምጪ የሚላት ካለ ተሳስቷል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ መጣሁ። በሚቀጥለው ስብሰባ ቆማ ትናገር ወይ? አትናገር። አንቺ ስለፈለግሽ አትናገር። አዳራሽ ሙሉ ሰው፣ ማይክራፎን፣ የዞን ሰዎች ፎቶ ሲያነሱ፣ የቅሬ ዳኛው ሚስት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው። አልቅሰው ይሸኟታል፤ በማግስቱ ውሃ ስትቀዳ «ያችኛዋ» ትባላለች። አንድ ቀን እሷው «ልናገር» ካለች የሚያግዳት የለም፤ ያኔ ቀኑንም ቦታውንም ሰሚውንም እሷ ትምረጥ።

ጸሐፊ ነሽና አጀንዳውን የምትጽፊው አንቺ ነሽ፤ እዚያ ላይ ሥራ አለሽ። ስሟን ሳታነሺ፣ ታሪኳንም ሳትነኪ «ባለፈው ስብሰባ ማን አልነበረም?» ብለሽ ጠይቂ። መናኸሪያው አካባቢ ባሉት ቡና ቤቶች የሚሠሩት ልጆች አልነበሩም፤ ስብሰባው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነበር፣ እነሱ ደግሞ ሌሊቱን ቆመው አድረው የሚተኙት ያኔ ነው። ቢመጡስ ኖሮ ከማን አጠገብ ይቀመጡ ነበር? ከዐረብ አገር ልጅ አዝላ የተመለሰችዋ አልመጣችም፤ «ሄዳ ያመጣችው ነው» ሲባል ሰምታለች። ሐብሩ ጃራ መጠለያ የከረሙት ተፈናቃዮች የሚጠሩት ዱቄት ሲታደል ነው። መስማት የተሳናት ብትመጣም አስተርጓሚ የለም፤ የዞኑ ሰዎች ለአበል በጀት ካላቸው ለአንድ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚም ይኑራቸው፤ ደግሞ ያ አስተርጓሚ የማንም አጎት አይሁን። የሰው ቤት ሠራተኞችን ማግኘት ከፈለጋችሁ አዳራሽ አትጥሯቸው፤ ማታ ትምህርት ቤት ሂዱ። እዚያ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደብተር ይዘው እየሮጡ ታገኟቸዋላችሁ። ከነርስም ከመምህርም አንዲት የምትታመን ሴት፣ ከቅሬው ጋር ጉዳይ የሌላት፣ እዚያ በሳምንት አንድ ቀን ብትቀመጥ ከአሥር አዳራሽ ይሻላል። የሰማችውን ያለባለቤቷ ፈቃድ ለማንም እንዳትናገር አስቀድማችሁ ተማማሉ፤ ለሰብሳቢም ቢሆን።

ሰብሳቢዋ «የሰው ቤት እናፍርስ?» ካለችሽ ደግሞ የማን ቤት እንደሆነ ጠይቂያት። ልጅቷም የሆነ ቦታ ቤት ነበራት።

በዚያ ቀን ቡናውን ማን ያፍላ? እናንተው ተራ ግቡ። አንቺ ጀምሪ።

የመጨረሻው ነገር ይህ ጽሑፍ ራሱ ነው። ደብዳቤሽን ስትልኪልኝ ልጅቷን አልጠየቅሻትም፤ ብትጠይቂያት ትጽፊው ነበርና። የመጣችበትን ወረዳ፣ የዚያን ቤተሰብ ሥራና የከተማችሁን ስም ሰርዣለሁ፤ ሌሎች ሁለት ነገሮችንም ቀይሬያለሁ፣ የትኞቹ እንደሆኑ አንቺ ታውቂያለሽ። የአራት ዓመቱን ነገር እንዳለ የተውኩት ያለሱ ጥያቄዋ ስለማይገባ ነው። ለማንም ሳታሳዪ መጀመሪያ ለእሷ አንብቢላት፤ ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ መቀርቀሪያው ከተመታ በኋላ። «ይህች ትቅር» የምትላት ቃል ካለች ጻፊልኝ፤ በሚቀጥለው እትም አስተካክላለሁ። ምንም ካላለች ደግሞ ዝም ብለሽ ስኒውን አብረሻት እጠቢ።